ፍንጩን በአንድ ዳይስ ላይ አታንጠልጥሉት

የምናብ ጀብዱ ጨዋታ (አንዱ ታሪኩን እየመራ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያቱን ሆነው የሚጫወቱት፣ የሙከራቸውን ውጤት ዳይስ የሚወስንበት) ለምትመሩ፦ ታሪኩ ያለ እሱ የማይቀጥልን ፍንጭ በአንድ የዳይስ ውርወራ ላይ አታንጠልጥሉ። እኔ እዚህ ጅማ ለጓደኞቼ ስመራ ይህንኑ ተሳስቻለሁ። ታሪኩን የሠራሁት ከጥንቱ የጅማ መንግሥት ኬላዎችና ከሂርማታ ገበያ ተውሼ ነበር። የጠፋው ነጋዴ ደብዳቤ በኬላ ጠባቂው ቤት ተደብቋል፤ ለማግኘት በባለ 20 ገጹ ዳይስ 11 ወይም ከዚያ በላይ መምጣት አለበት አልኩ። 4 መጣ። አቦል ላይ የተጀመረው ፍለጋ በረካ ተጠጥቶም አላለቀም።

አሁን ለአንድ ምስጢር ሦስት መንገድ አዘጋጃለሁ፦ ደብዳቤው፣ የበቅሎ ነጂው ወሬ፣ በር ላይ የተረሳ የቡና ጆንያ። የእያንዳንዱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ቢሆን እንኳ ሦስቱም የሚከሽፉት ከ8 አንዴ ነው። ከዚህም የሚሻለው ዳይሱ የፍንጩን መገኘት ሳይሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ እንዲወስን ማድረግ ነው፦ ዝቅተኛ ቁጥር ከመጣ ደብዳቤው ይገኛል፣ ጠባቂው ግን ይነቃል።

ተጫዋቾቹ ያላሰባችሁትን አራተኛ መንገድ ካመጡም ተቀበሏቸው። የእኔዎቹ በቀደም ጠባቂውን ጫት ጋብዘው አስለፈለፉት፤ እኔ ካቀድኩት ሁሉ ይሻል ነበር።