በአባት ግቢ የቆመ ቮልስ፦ ከውጭ ሆነው ለመሸጥ ወይም ለማቆየት ለሚወስኑ

በውጭ ሀገር የምንኖር ሰዎች ወላጆቻችን ስላስቀመጡት አሮጌ መኪና የምናስበው አብዛኛውን ጊዜ ደላላ የግቢውን በር ካንኳኳ በኋላ ነው። በእኔም የደረሰው ይኸው ነው። እኅቴ በቴሌግራም የላከችልኝ ፎቶግራፍ ላይ የአባታችን ቮልስ አራቱም ጎማዎቹ ተንፍሰው፣ የለበሰው ሸራ ከመሀሉ ተቀዶ፣ የጽድ ቅጠል ጣሪያው ላይ ረግፎ ይታያል፤ ከሥሩም «ገዢ መጥቷል፤ እስከ ነገ ካልነገርነው ሌላ ሊያይ ነው፤ ምን ልበለው?» የሚል መልእክት ነበር። «ትንሽ ቆዩ» ብዬ መለስኩ። ያቺ ትንሽ ሁለት ክረምት ሆነች፤ በሁለቱ ክረምትም ከኋላ ወንበር ሥር የተረሳው የባትሪ አሲድ ወለሉን በልቶ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፈተበት። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ቢሸጥም ቢያቆይም በጊዜው እንዲወስንና እንደ እኔ በመዘግየት እንዳይጎዳ ነው።

ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ አስልከው ይመልከቱ። በራስዎ ስም ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። በአባትዎ ስም ሆኖ እሳቸው በሕይወት ካሉ ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ለቤቱ ገንዘብ የምንልክ መሆናችን በንብረታቸው ላይ የማዘዝ መብት አይሰጠንም። አባት ካረፉ ግን ቀድሞ ለልጅ ወይም ለወንድም የሰጡት ውክልና በመርሕ ደረጃ ከሞታቸው ጋር ስለሚያበቃ፣ በዚያ ወረቀት የሚደረግ ሽያጭ ነገ ክስ ያመጣል። ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ይኖርባቸዋል። በዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ መኪናው በጋብቻ ዘመን የተገዛ ከሆነ የጋራ ሀብት ተደርጎ ስለሚገመት፣ እናት ግማሹን የሚይዙት በራሳቸው ባለቤትነት ነው፤ ልጆች የሚካፈሉት የቀረውን ነው። ስለዚህ እናታችን «እናንተ እንዳላችሁ» ቢሉም ፊርማቸው የግድ ነው። እኛ አራት ልጆች በሦስት ሀገር ስለምንኖር፣ ገዢ ከመፈለግ ይልቅ የአራታችንን ወረቀት ማሰባሰብ እጅግ ረዝሞብናል።

ወረቀቱ እየተሰበሰበ መኪናውን ያስመርምሩ፤ የሚያየውም ሰው ከገዢውም ከደላላውም ጋር የማይገናኝ መካኒክ ይሁን። የኋላ ወንበሩን አስነሥተው ከሥሩ፣ በወለሉ መካከል ባለው ጉብታ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር፣ ከፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር፣ እንዲሁም ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጥራት ፎቶ ያስነሡ፤ ሦስቱንም ከሊብሬው ጋር ያነጻጽሩ። በዕድሜው ሞተር የተቀየረለት ቮልስ ብዙ ነው፤ ቅያሪው ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ዕድሜውንም ይነግራል፦ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ባሉት ዓመታት ቁጥሩ በ11 ተጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ በ118 የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው ማለት ነው።

ከዚያ ዝገቱ ይታይ። የቮልስ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ አወቃቀሩም ቀላል ስለሆነ ጥሩ መካኒክ ካገኘ ይነሣል። ወለሉና ከበሮቹ ሥር ያሉት ጎኖች ከተበሉ ግን ወጪው የላሜራ ሥራ ስለሚሆን በብዙ እጥፍ ያድጋል። መካኒኩ በማግኔት ይሞክረው፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ሞተሩን ለማስነሣት የሚጣደፍ ዘመድም ይኖራልና አስቀድመው ይከልክሉ። ለዓመታት የቆየ ቤንዚን ተቀድቶ ሳይጣል፣ ዘይቱም ሳይቀየር ቁልፍ መጠምዘዝ ያለችውን ሞተር ማበላሸት ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠሩት ደግሞ በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ከጎረቤት መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኬብል መሳብ አደጋ አለው።

ዋጋውን በተመለከተ ከሁለት ስሕተት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በአሜሪካና በአውሮፓ ማስታወቂያ ላይ የሚታየውን የዶላር ዋጋ ወደ ብር መልሶ መጠየቅ ነው። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ነው፤ ምርቱ በሜክሲኮ የቆመው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሰብሳቢ በልዩ ዋጋ የሚፈልጋቸው የኋላ መስኮታቸው ለሁለት የተከፈለው፣ እስከ 1953 (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትና ከዚያም እስከ 1957 (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ባለ ሞላላ መስኮት ናቸው፤ የእርስዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ለደላላ ምንም ሳይናገሩ በቂ ጊዜ ይውሰዱ። ሁለተኛው ስሕተት «አሮጌ ብረት ነው» የሚለውን የደላላ ቃል ማመን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ወስኗል። በእኔ ግምት ወረቀቱ የጠራና የሚንቀሳቀስ ማንኛውም ነባር መኪና ተፈላጊነቱ የጨመረው በዚህ የተነሣ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተነገረዎትን ዋጋ ደግሞ ይርሱት፤ ያን ጊዜ በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

ማቆየትን የሚመርጥ ሰው በልቡ ያለውን ፍቅር ብቻ ሳይሆን በግቢው ያለውን ሰው ይቁጠር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ የእኛ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው፤ መኪናው በታሪካችንም በቤታችንም ቦታ አለው። እኔም አባቴ ጠዋት ጠዋት ቡናውን ሳይጨርስ ወጥቶ ሞተሩን ያሞቅ የነበረበትን ድምፅ እስከ ዛሬ ለይቼ አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አውጥቶ የሚነዳው፣ ዝናብ የማይገባበት ጣሪያ፣ በየዓመቱ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ከፍሎ ቦሎውን የሚያሳድስ ሰው ከሌለ፣ ማቆየት የሚለው ቃል ቀስ ብሎ ማጥፋት ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ካለ ግን፣ መኪናውን በስጦታ ስሙን አዛውሮ ለእሱ መስጠት ከመሸጥ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የእናቶችንም ልብ አይሰብርም። ወደሚኖሩበት ሀገር ለማስመጣት የሚያስቡ ካሉ፣ በአሜሪካ ከ25 ዓመት በላይ የሆነ መኪና ከደኅንነት ደረጃ ግዴታው ነፃ ነው፤ ሆኖም የመውጫ ሥርዓቱን አስቀድሞ ከጉምሩክ ኮሚሽን ሳያጣሩና እስከ ጅቡቲ ያለውን ማጓጓዣ ሳያሰሉ አይነሡ።

መሸጥ ከተወሰነ ዋናው ነገር ውክልናው ነው። ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የአስተዳደር ሥራ ብቻ ስለሚያሠራ፣ «የመሸጥ፣ ዋጋ የመቀበል፣ ስም የማዛወር» የሚሉት ሥልጣኖች የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ተጠቅሶ በልዩ ውክልና መጻፍ አለባቸው። ረቂቁን ኤምባሲ ሄደው ከመፈረምዎ በፊት ተወካይዎ ውልና ማስረጃ ወስዶ ያሳየው፤ አንድ ቃል ጎድሎ ከሚመለስ ይህ ይቀላል። በኤምባሲው ወይም በቆንስላው የተፈረመው ሰነድ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ባለትዳር ከሆኑ የባለቤትዎ ፊርማም ይጠየቃል። በተለመደው ፎርም ላይ «ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን» የሚል ሐረግ አብሮ ይገባል፤ ያስወጡት።

ገዢው «ስም ማዛወሩን በኋላ እጨርሳለሁ፤ ለጊዜው ውክልና ስጡኝ» ቢል በፍጹም አይስማሙ። ይህ በአገራችን የተለመደ መንገድ ነው፤ ሆኖም በሕጋችን መኪና ላደረሰው ጉዳት ኃላፊነቱ በቅድሚያ የባለቤቱ ስለሆነ፣ ሊብሬው በስምዎ እያለ ሰው ቢገጭበት የሚፈለጉት እርስዎ ወይም ግቢው ውስጥ ያሉት እናትዎ ናቸው። የሽያጩ ውል በውልና ማስረጃ ይፈረም፤ ክፍያው በሲፒኦ በሻጩ ስም ይሁን፤ ተወካይዎም ከመፈረሙ በፊት ሲፒኦው እውነተኛ መሆኑን ካወጣው ባንክ ራሱ ያረጋግጥ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋም በእርግጥ የተከፈለው ይሁን፤ ግብር ለመቀነስ ዝቅ አድርጎ የተጻፈ ዋጋ ጠብ ሲነሣ የሚጎዳው ሻጩን ነው።

ቁልፉን ከማስረከብ በፊት ተወካይዎ ከገዢው ጋር መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ስሙ መዛወሩን በዓይኑ ይይ፤ በገዢው ስም የወጣውን ሊብሬ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። ከዚያም የሰጡትን ውክልና በዚያው በፈረሙበት ኤምባሲ ይሻሩት፤ የመሻሪያውንም ቅጂ ለውልና ማስረጃ ያስገቡ። እኛ በመጨረሻ የሸጥነው ወለሉን አስበይደን፣ ራሱ አድሶ ሊነዳው ለሚፈልግ አንድ ወጣት መካኒክ ነው። እናቴ በሩ ድረስ ሸኝታው፣ ከአባቴ መሀረብ ጋር በመኪናው የፊት ኪስ የነበረውን የጎማ ንፋስ መለኪያ ለልጁ ሰጠችው።