የሆንግ ኮንጉን ኮሜዲ ለጎረቤት በአማርኛ እያወሩ ማሳየት

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ማታ ኮሙናሉ ውስጥ አንሶላ ሰቅዬ፣ ፕሮጀክተር ተውሼ ለጎረቤት ፊልም አሳያለሁ። ከሁሉም የምወደው «ዘ ፕራይቬት አይስ»ን ነው። በፈረንጆቹ 1976 ነው የወጣው። ንግግሩ ካንቶንኛ፣ የሆንግ ኮንግ ሰው የሚናገረው ቻይንኛ ነው፤ ከስር ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ። አጠገቤ የሚቀመጡት እማማ እንግሊዝኛውን አያነቡም። ስለዚህ እኔ አወራላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ብቻችሁን ሁለቴ እዩት። ድምፁ ካንቶንኛ መሆኑንም አረጋግጡ፤ በማንዳሪን፣ በሌላው ቻይንኛ፣ የተቀዳም አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሆንግ ኮንግ ሲኒማ ማንዳሪን ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ካንቶንኛን ወደ ሲኒማ ከመለሱት መሀል የዚህ ፊልም ተዋናዮች ሁይ ወንድማማቾች ናቸው። ቃላቱ ባይገባችሁም የሰፈር ወሬ ቃናው ይሰማችኋል።

የቻይንኛ ስም አታብዙ፣ ሰው ይምታታበታል። እኔ «አለቃው፣ ወጣቱ፣ የዋሁ» እላለሁ። አለቃው ማይክል ሁይ ነው፤ ፊልሙንም ያዘጋጀው እሱ ነው። ቆጥቋጣ የግል መርማሪ ነው። ኩንግ ፉ የሚችለው ወጣት ሳም፣ የዋሁ ረዳት ደግሞ ሪኪ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰው መልካቸውን ማመሳሰል ይወዳል።

የፊልሙን የቻይንኛ ስምም አስረዱ። «ግማሽ ጋን፣ ስምንት ሎንግ» ማለት ነው። በድሮው ሚዛን አንድ ጋን 16 ሎንግ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ያው ነው። እኔ «ግማሽ ኪሎ ያው አምስት መቶ ግራም ነው» እላቸዋለሁ። ሥጋ የገዛ ሁሉ ይገባዋል። ሳም ሁይ በዚሁ ስም የዘፈነው ዘፈን የደሞዝተኛ ብሶት ነው። «ለአለቃ እየለፋ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ነው የሚዘፍነው» ብዬ ዝም እላለሁ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሰፈራችን ሌሊት 11 ሰዓት ታክሲ ለመሰለፍ የሚነሳ ሰው ያውቀዋል።

ትልቁ ነገር መቼ ዝም እንደሚባል ማወቅ ነው። መጀመሪያ ያሳየሁ ቀን እያንዳንዱን ቃል ስተረጉም ድምፄ ሳቁን ዋጠው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አለቃው ቴሌቪዥን እያየ ዶሮ ሲሠራ ፕሮግራሙ ወደ ስፖርት ይቀየርና ዶሮዋን ስፖርት ያሠራታል። ቀደም ብላችሁ «የምግብ አሠራር ፕሮግራም እየተከተለ ነው» በሉ፣ በቃ። የወጥ ቤቱ ድብድብም እንደዚያው ነው። የኩንግ ፉ ተዋናዩ ሳሞ ሁንግ ነው ያቀናበረው። አለቃው የተያያዘ ቋሊማ እንደ ብሩስ ሊ ዱላ ያወዛውዛል፤ ሌላኛው የሻርክ መንጋጋ ይዞ ይመጣበታል። ይሄ ምን ይተረጎማል?

ላፕቶፑን ቀን ላይ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ቢጠፋ ፕሮጀክተሩ ይቆማል፤ ለሕፃናቱ ግን ፊልሙን በላፕቶፑ ስክሪን መጨረስ ይቻላል።

መጨረሻው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ዘራፊዎች ተመልካቹን ያግቱና ንብረቱን ይሰበስባሉ። እዚያ ከመድረሱ በፊት በር ላይ የቆሙትን ሁሉ አስቀምጡ፤ በአንሶላው ፊት ማንም አይለፍ። እኔም ወሬዬን አቆማለሁ። እማማ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው የአንገት ሀብላቸውን ይሸፍናሉ።