ጎፕሮ መቀየር ሲያምር፦ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር በእጅ ያለው ካሜራ በአንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል። ትናንት የሚቀርጸውን ግን ዛሬም ይቀርጻል። ልቀይር ወይስ ላቆይ የሚለውን ለመወሰን የአዲሱን ማስታወቂያ ከማየት ይልቅ ራሳችሁ የቀረጻችሁትን ማየት ይቀድማል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ጎፕሮን፣ ማለትም ራስ ወይም ሞተር ላይ የሚታሰረውን ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ይመለከታል፤ ሞዴሎቹ «ሂሮ» በሚል ስምና በቁጥር ይጠራሉ። ተፎካካሪው የዲጄአይ ኦስሞ አክሽን ካሜራ የሚነሳው ልዩነቱ ለውሳኔ በሚጠቅምበት ቦታ ብቻ ነው።

መጀመሪያ እንከኑን ቁጠሩ

በቅርብ የቀረጻችኋቸውን ዐሥር ቪዲዮዎች ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ክፈቱ። የስልክ ስክሪን ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከእያንዳንዱ ጎን ችግሩን በአጭሩ ጻፉ፦ ተንቀጠቀጠ፣ ጨለመ፣ ብልጭ ድርግም አለ፣ ድምፁ በነፋስ ተዋጠ፣ መሀል ላይ ተቋረጠ፣ ባትሪ አለቀ። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመ ችግር ካለ መታከም ያለበት እሱ ነው። ችግሮቹ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ካሉ፣ ወይም «ረዘመ»፣ «ይሰለቻል» የሚለው ከበዛ፣ እሱን የሚፈታ ካሜራ አልተሠራም፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሳይቀየር የሚድነው

ችግሩን ለይታችሁ ስታበቁ አሮጌውን ካሜራ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ከዚያ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ። ቀጥሎ የካሜራውን ሶፍትዌር አፕዴት አድርጉ። ኩዊክ በተባለው የጎፕሮ የስልክ መተግበሪያ ይቻላል። ስልኩ እንቢ ካለ ፋይሉን ከጎፕሮ ድረ ገጽ በኮምፒውተር አውርዳችሁ፣ ዚፑን ፈትታችሁ፣ «አፕዴት» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ካርዱ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን አብሩት። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሀል ላይ ከጠፋ ካሜራውን ሊያበላሸው ይችላል።

ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሌንሱ መሸፈኛ መስታወት ነው። የጣት ቅባትና የጸሐይ መከላከያ ክሬም ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ነጭ መጋረጃ ይሠራሉ። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት። መስታወቱ ተጭሮ ከሆነ በሂሮ 5፣ 6 እና 7፣ እንዲሁም ከሂሮ 9 እስከ 12 ባሉት መሸፈኛው ብቻውን ተፈትቶ ይቀየራል። ሂሮ 8 ላይ ግን አይፈታም። ሂሮ 8 ይዛችሁ ሌንሱ ክፉኛ ከተጫረ መቀየሩ ምክንያት አለው።

ቤት ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመሮች ከወረዱ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ብዙ ሰው ካሜራው የሞተ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሴቲንግ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይም እንዲሁ። አሜሪካና ሳዑዲ 60 ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ በ60 እንደተስተካከለ ሊሆን ስለሚችል ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «አንቲ-ፍሊከር» የሚለውን ወደ 50 ቀይሩ። በሂሮ 7ና ከዚያ በፊት በነበሩት ይኸው ምርጫ «ቪዲዮ ፎርማት» በሚል ስም ኤንቲኤስሲ እና ፓል ሆኖ ነው የሚገኘው፤ ለ50 ኸርዝ ፓል ነው። ያኔ በሰከንድ 30 እና 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ጠፍተው 25 እና 50 ይመጣሉ፤ አትደንግጡ። ሹተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ በእጅ የምታስተካክሉ ከሆነ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም ሊያብለጨልጭ ይችላል፤ ለዚያ አዲስ ካሜራም መድኃኒት የለውም።

የሌሊት ቀረጻ ከሁሉም በላይ ሰውን ወደ ሱቅ የሚገፋ ነው። የከተራ ምሽት፣ የሠርግ ጭፈራ፣ ማታ በሞተር ሲኬድ፦ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፤ እርምጃ በተራመዳችሁ ቁጥርም ብርሃኑ ሁሉ ይንዘፈዘፋል። ይህ መንዘፍዘፍ የእጃችሁ ብቻ አይደለም። ሃይፐርስሙዝ የሚባለው ማረጋጊያ እያንዳንዱን ፍሬም እያንቀሳቀሰ ያስተካክላል እንጂ ፍሬሙ ሲቀረጽ ውስጡ የገባውን ብዥታ ማጥፋት አይችልም። ጨለማ ሲሆን ሹተሩ ለረጅም ጊዜ ይከፈታል፣ ብዥታው ፍሬሙ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ማረጋጊያው የደበዘዘውን ምስል ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ዓይናችሁ የሚያየው ያንን ነው። መሞከር ያለበት እንዲህ ነው። ፍሬሙን ከ50 ወደ 25 አውርዱ፤ ሹተሩ ከ1/50 ወደ 1/25 የመውረድ ዕድል ስለሚያገኝ የሚገባው ብርሃን በእጥፍ ይጨምራል። ከፍተኛውን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ላይ ገድቡ። ማረጋጊያውን «ቡስት» ከሚለው ወደ መደበኛው መልሱ። ካሜራውን ራስ ላይ ከማሰር አንድ ቦታ ተክሉት። እየተራመዳችሁ የግድ መቅረጽ ካለባችሁ ተቃራኒውን አድርጉ፦ ሹተሩን 1/100 ላይ ቆልፉ፣ ምስሉ ቢጨልምም አይንዘፈዘፍም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምስሉ አሁንም ካላስደሰታችሁ ችግሩ የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል ስፋት ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ቪዲዮው መሀል ላይ የሚቆም ወይም ካሜራው ደርቆ የሚቀር ከሆነ መጀመሪያ ካርዱን ጠርጥሩ። ላዩ ላይ ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ማይክሮ ኤስዲ ያስፈልጋል፤ ትርጉሙ በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት በታች አይጽፍም ማለት ነው። ችግሩ ምልክቱን አስመስሎ የታተመ ካርድ ገበያ ላይ መኖሩ ነው። ኤች-ቱ-ቴስት-ደብልዩ በተባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካርዱን ሙሉ በሙሉ አስሞልታችሁ አስነብቡት፤ 128 ጊጋ የተባለው 16 ሆኖ ሲገኝ ወይም የአጻጻፍ ፍጥነቱ 10 ሜጋባይት ላይ ሲቀር እውነቱ ይወጣል። የደረቀውን ካሜራ ለማንቃት የማብሪያውን ቁልፍ ዐሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ ካልሆነ ባትሪውን ነቅላችሁ መልሱት።

ካርዱ ደህና ሆኖ ካሜራው እየጋለ የሚጠፋ ከሆነ አየር አጥቷል ማለት ነው። እነዚህ ካሜራዎች ሲንቀሳቀሱ በሚመታቸው ነፋስ እንዲበርዱ የታሰቡ ናቸው። መስኮት በተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ 5.3ኬ (ከ4ኬ የላቀ የምስል ጥራት) በ60 ፍሬም እንዲቀርጹ መጠየቅ ግፍ ነው። 4ኬ በ25 አድርጉ፣ ጂፒኤሱን፣ ዋይፋዩንና የፊቱን ስክሪን አጥፉ። አዲሶቹም ቢሆኑ ቆሞ በሚቀረጽበት ቦታ ይግላሉ፤ ለዚህ ብላችሁ አትቀይሩ።

ባትሪውን በሰዓት ለኩት። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ 4ኬ በ25 ያለማቋረጥ አስቀርጹ። ከ45 ደቂቃ በፊት ከጠፋ ባትሪው ደክሟል። ወጥቶ ለመግባት የሚታገል ወይም ሆዱ የተነፋ ባትሪ ከሆነ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አትጠቀሙበት። ለሂሮ 9፣ 10፣ 11 እና 12 የሚሆነው ባለ 1720 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ አንድ ዓይነት ነው። ኤንዱሮ የተባለው ነጩ በተለይ ብርድ ላይ ከፊተኛው በግልጽ ይሻላል፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ጎህ ሲቀድ ለመቅረጽ የሚወጣ ሰው ልዩነቱን ያየዋል።

ድምፅን በተመለከተ አጭር ነው። ነፋስ ብቻ ከሆነ ካሜራው ላይ የሚለበስ ስፖንጅ ይበቃል። የሰው ንግግር ከሆነ ውጫዊ ማይክ ያስፈልጋል፤ ሂሮ 5፣ 6 እና 7 ጎፕሮ በሚሸጠው የማይክ አስማሚ፣ ከሂሮ 8 ወዲህ ያሉት ሚዲያ ሞድ በተባለው ማቀፊያ ይቀበላሉ። ከስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ ገመድ አልባ ማይክ ካላችሁ ድምፁን ስልክ ላይ ቀድታችሁ አንዴ በማጨብጨብ ኤዲት ላይ ማገናኘትም ይቻላል።

ከየትኛው ወደ የትኛው ሲኬድ ልዩነት አለ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው። የሂሮ ቁጥር በአንድ ሲጨምር ምስሉም በአንድ ደረጃ የሚጨምር ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም።

ሂሮ 6 ወይም ከዚያ በፊት ያለ ይዛችሁ ችግራችሁ መንቀጥቀጥ ከሆነ፣ ቀይሩ። ሃይፐርስሙዝ የገባው በ2018 በወጣው ሂሮ 7 ብላክ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለውና በኋላ ባለው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ለዚህ ግን የመጨረሻውን ሞዴል መግዛት አያስፈልግም፤ ደህና ሆኖ የተያዘ ሂሮ 9 ወይም 10 ይበቃል።

የ2020ው ሂሮ 9 የፊት ስክሪንና 5ኬ አመጣ፤ ራሱን እያየ ለሚቀርጽ ሰው ስክሪኑ ከ5ኬው ይበልጣል። የ2021ው ሂሮ 10 ጂፒ2 የተባለውን ፕሮሰሰር ይዞ ስለመጣ 4ኬን በ120 ፍሬም ይቀርጻል፤ ሂሮ 9 በ4ኬ 60 ላይ ይቆማል። ዝግታ ያለው ቪዲዮ ሥራችሁ ከሆነ ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው። የ2022ው ሂሮ 11 ቁመቱ ወደ ወርዱ የተጠጋ፣ 8 ለ7 የሆነ ሴንሰር አመጣ፤ አንድ ጊዜ ቀርጾ አግድምም ቁምም መቁረጥ ይቻላል። ለቲክቶክ ቁም ቪዲዮ ብቻ ብላችሁ ከሆነ ግን አሮጌውን ካሜራ በጎኑ አዙሮ ማሰርም አለ። ወይም ሳታዞሩት 4ኬ በ4 ለ3 ብትቀርጹ ቁመቱ 3000 ፒክሰል ስለሆነ ለ1920 ቁመት ከበቂ በላይ ይተርፋል።

ከዚያ ወዲህ 11፣ 12 እና 13 በሴንሰርም በፕሮሰሰርም ወንድማማቾች ናቸው። ሂሮ 12 ከብሉቱዝ ማይክ ጋር መገናኘትንና ኤችዲአር ቪዲዮን (ብሩህና ጨለማ ቦታን አብሮ የሚያሳየውን) ጨመረ፣ ጂፒኤስን አወጣ፤ ሂሮ 13 ጂፒኤሱን መለሰ፣ በማግኔት የሚያያዝ ማሰሪያና የሚቀያየሩ ሌንሶችን አመጣ። ከእነዚህ አንዱን በስሙ ጠርታችሁ «እሱ ነው ያስቸገረኝ» ካላላችሁ፣ ከ11 ወደ 13 መሄድ የምስል ለውጥ አያመጣም። በዚያ ላይ የሂሮ 13 ባትሪ 1900 ሚሊአምፔር-ሰዓትና ቅርጹ የተለየ ስለሆነ ያጠራቀማችኋቸው ባትሪዎች ሁሉ ከአሮጌው ጋር ይቀራሉ።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ። ከ11 እስከ 13 ያለው ሴንሰር 1/1.9 ኢንች ነው። በ2023 የወጣው ዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 4ና በ2024 የተከተለው አክሽን 5 ፕሮ 1/1.3 ኢንች ይጠቀማሉ፤ ስፋቱ ከጎፕሮው በግምት እጥፍ ነው። ዝርዝራችሁ ላይ «ጨለመ» የሚለው ከበዛ፣ ምርጫው ከሂሮ ወደ ሂሮ መሆን የለበትም። አክሽን 4 ያለ ተጨማሪ ሽፋን 18 ሜትር፣ 5 ፕሮ 20 ሜትር ውኃ ይችላሉ፤ ጎፕሮ 10 ሜትር ላይ ነው። 5 ፕሮ በተጨማሪ የራሱ 47 ጊጋ የሚያህል ማስቀመጫ ስላለው ካርድ ረስቶ የመጣን ሰው ያድናል።

ከካሜራው ዋጋ ኋላ የሚጎተተው

ወረቀት ላይ አስሉት። የአዲሱን ዋጋ ጻፉ፣ ሁለት ትርፍ ባትሪና አንድ ቪ30 ካርድ ደምሩ፣ የማይገጥም ማቀፊያ ወይም ሌንስ ካለ እሱንም ጨምሩ፣ አሮጌው የሚሸጥበትን ቀንሱ። ከዚያ ላፕቶፑ አለ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ ባለ 128 ካርድ 3 ሰዓት አይሞላም፣ ግማሽ ቀን የቀረጸ ሰውም ሃርድ ዲስክ መግዛቱ አይቀርም። ከፍተኛዎቹ ጥራቶች የሚጨመቁት ኤችኢቪሲ በተባለው፣ ለኮምፒውተር ከባድ በሆነው መንገድ ስለሆነ የቆየ ላፕቶፕ ላይ ቪዲዮው እየተቆራረጠ ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የ5.3ኬ ናሙና ፋይል አውርዳችሁ በምትሠሩበት ፕሮግራም ክፈቱት። ካንገራገረ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚያስፈልገው ለኮምፒውተሩ ነው።

የሚያዩላችሁ ሰዎች በስልክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ከሆነ የሚደርሳቸው ብዙውን ጊዜ ተጨምቆ ነው። 5.3ኬ የሚጠቅመው እናንተን ነው፤ ኤዲት ላይ አጉልቶ ለመቁረጥ ቦታ ይሰጣል። የማትቆርጡ ከሆነ 4ኬ ይበቃችኋል።

ያገለገለ ከሆነ፣ ወይም ሰው ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ

ያገለገለ ካሜራ ከመቀበላችሁ በፊት ሌንሱን በጣታችሁ ሸፍናችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ ጥቁሩ ላይ የማይንቀሳቀስ ባለ ቀለም ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ተጎድቷል። ከፊትም ከኋላም እየተናገራችሁ ቀርጻችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ አንደኛው ማይክ ከታፈነ ውኃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። የባትሪ በሩን ከፍታችሁ ዙሪያውን ያለውን ጎማ እዩ። አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት በቂ ናት ውኃ ለማስገባት። የቻርጅ ቀዳዳው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለው ተዉት። ንክኪ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ በጣት ጎትቱት።

ከዲያስፖራ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ካሜራው እዚያው እያለ ይከፈት። የሱቁ የመመለሻ ቀን ሻንጣ ውስጥ እያለ ያልፋልና፣ «አሽጎ ያምጣው» የሚባለው ወግ እዚህ ላይ ይጎዳል። ዘመዳችሁን አንድ ሰዓት ጠይቁ፦ ካሜራውን ያንቃ፣ ሶፍትዌሩን አፕዴት ያድርግ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ይቅረጽበት። ዲጄአይ ከሆነ የግድ ሚሞ በተባለው መተግበሪያ መንቃት አለበት፤ በእናንተ አካውንት እንዲያነቃው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማሸጊያውና ደረሰኙ አይጣሉ።

አሮጌውን አዲሱ መጥቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አትሽጡት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ማሰሪያ አስራችሁ፣ ያ ዐሥሩ ቪዲዮ ላይ የደጋገማችሁት ችግር በሚታይበት ቦታና ሰዓት ቅረጹ። አብረዋችሁ ለሚኖሩት የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳትነግሩ አሳዩአቸው። መለየት ካቃታቸው የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አዲሱን መልሱ።