እሳት ወደ ማድ ቤት የሚገባባቸው ስህተቶች

መብራት ሲጠፋ ምድጃውን ሳያጠፉ መውጣት። አዲስ አበባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ መነሳት ያለበት ይህ ነው። ወጡ እንደተጣደ መብራት ይሄዳል፤ «ሲመጣ ይበስላል» ተብሎ ሱቅ ይኬዳል። መብራቱ ሰው በሌለበት ሲመለስ ድስቱ ያርራል፣ አጠገቡ ያለው ጨርቅ ወይም ፌስታል ይያያዛል። መብራት እንደጠፋ ማዞሪያውን ይዝጉ፣ የምጣዱንም ሶኬት ይንቀሉ።

ምጣድን በዲቫይደር መሰካት። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ተራ ዲቫይደር ይህን አይችልም። ያ ሁሉ ሊጥ ተጋግሮ እስኪያልቅ ሽቦው ሳያርፍ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ሽቦዎቹ ይነካካሉ። ለምጣዱ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የራሱን መስመር ያሰሩለት። ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ መጋገሩን ያቁሙ። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ አምፔር መቀየር ደግሞ የባሰ ስህተት ነው፤ ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ሊጠብቅ ነውና።

የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውሃ መድፋት። ውሃው ከዘይቱ ስር ገብቶ በቅጽበት ይተናል፤ እንፋሎቱም የሚነደውን ዘይት እስከ ኮርኒሱ ይረጨዋል። ምድጃውን ያጥፉ፣ ክዳኑን ከጎን በኩል አንሸራተው ይክደኑ፣ እስኪቀዘቅዝ አይክፈቱት። ድስቱን ይዞ ወደ ደጅ መሮጥ እሳቱን በራስ ላይ መገልበጥ ነው። ሳምቡሳ ሲጠበስ ዘይቱ መጨስ ከጀመረ ሊቀጣጠል ተቃርቧል፤ ወዲያው ያውርዱት።

ቡታጋዝ ሸቶ ማብሪያ መንካት። ለማጥፋትም ቢሆን አይንኩ፤ ትንሿ ብልጭታ ትበቃለች። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መስኮት ብቻ ሳይሆን በሩንም ይክፈቱ፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ። የሚያፈስበትን ቦታ በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈልጉ።

የቡና ከሰል አመድን በፕላስቲክ ባልዲ መድፋት። የጠፋ የመሰለ ፍም በአመድ ተሸፍኖ ለሰዓታት ይቆያል። ቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አድርገው ውሃ ያፍስሱበት። የደረቀ ቄጤማም ከማንደጃው ይራቅ።

ለእርዳታ መደወልን ማዘግየት። ክዳን ካላጠፋው ቤተሰቡን አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው ወደ አዲስ አበባ እሳት አደጋ፣ 939 ይደውሉ። ጠባብ መግቢያ ባለባቸው ሰፈሮች አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪናውን ይምራ።