ተጫዋቾቹ በሩ ላይ ሲገተሩ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ይዞት የመጣው ሐሳብ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ከብባችሁ ትቀመጣላችሁ። አንዱ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። በዳማ ወይም በቼዝ የተፈቀደልህን ብቻ ታንቀሳቅሳለህ። እዚህ ያሰብከውን ሁሉ መሞከር ትችላለህ። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነጻነት ነው። ከታች ያሉት እኔ ሳጫውት የገጠሙኝ ብልሽቶች ናቸው። አጫዋች የምለው ጌም ማስተር የሚባለውን፣ ታሪኩን የሚመራውን ሰው ነው።

ምልክት፦ "ምን ታደርጋላችሁ?" ስትል ዝም ይላሉ

ዋሻው ለሁለት ይከፈላል። ቀኝ ወይስ ግራ? ይተያያሉ። አንዱ "እ... ቀኝ ይሁን" ይላል። ይሄ ምርጫ አይደለም፤ ሳንቲም ከመወርወር አይለይም። ዓይን አፋር ስለሆኑ እንዳይመስልህ። ሁለቱን መንገድ የሚለይ ነገር አልነገርካቸውም።

ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ምልክት ስጥ። ከግራ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ከቀኝ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ጭቃው ላይም አዲስ የባዶ እግር ዳና አለ። አሁን መከራከር ይጀምራሉ። "እስረኛ አምልጦ ይሆን?" ይላል አንዱ። ሁሉን አትዘርግፍ፤ ግን ከለመድከው በላይ ንገር። ጀማሪ አጫዋች ምስጢር መደበቅ ይወዳል። ማንም ያልደረሰበት ምስጢር ደግሞ ለተጫዋቹ ከነጭራሹ የለም።

ምልክት፦ ፍንጩን ማንም አላገኘውም፤ ጨዋታው ቆመ

ይሄ እኔን በደንብ አቃጥሎኛል። አንድ ነጋዴ ጠፍቷል። የት እንደገባ የሚናገረው ደብተር ወለሉ ሥር ነው። ፈትሹ አልኩ፤ ሙከራው መሳካቱን የሚወስነው ዳይስ ተጣለ፤ ሁሉም ወደቁ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያንኑ ክፍል ሲዞሩ ዋሉ።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ለመሳካት መድረስ ያለበት ቁጥር፣ ዒላማው፣ 15 ነው፤ ተጫዋቹ ዳይሱ ባወጣው ላይ በችሎታው 3 ይደምራል። ባለ 20 ገጹ ዳይስ 12 ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። ከ20 ውጤት የሚሠሩት 9ኙ ናቸው፤ 45 በመቶ። የሙሉ ምሽት ጨዋታ በዚህ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ፍንጩን ሦስት ቦታ ብታስቀምጠው፣ በዚያው ዒላማ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል ወደ 83 በመቶ ያድጋል። ሚስቱ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ጫማው ላይ ቀይ አፈር አለ፤ ደብተሩም አለ። ጥሩ ነው። ግን 17 በመቶው አሁንም አለ። ስለዚህ የግድ የሚያስፈልገውን ነገር በዳይስ አትዝጋው። ትክክለኛው ቦታ ላይ የፈለገ ሰው ያግኝ።

"ታዲያ ዳይሱ ለምን አስፈለገ?" የሚል ይኖራል። መልሱን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት ልጅ ምን ይባላል? "አገር ስጠኝ!" ጎንደርን ይሰጣል፤ ይቀለድበታል፤ ከዚያ መልሱ ይነገረዋል። መውደቁ ዋጋ አስከፈለው እንጂ ጨዋታውን አላቆመውም። ዳይሱ ሲከዳው ተጫዋችህም አገር ይስጥ። ደብተሩን ያገኛል፤ ግን ሳንቃውን ሲነቅል ዘበኛው ይሰማል።

ምልክት፦ "የትም ብንሄድ ያው ነው" ማለት ጀምረዋል

ጫካ ውስጥ ሽፍቶች አዘጋጅተሃል። እነሱ በወንዝ ሄዱ። አንተ ደግሞ ድካምህ እንዳይባክን ሽፍቶቹን ወንዙ ዳር አመጣሃቸው። በእንግሊዝኛው ዓለም ሬይልሮዲንግ ይሉታል፤ ሰውን ሐዲድ ላይ መጫን። ስለ ጫካው ምንም የማያውቁ ከሆነ እኔ ብዙም አልፈርድብህም። ጠይቀው፣ ሽፍታ መኖሩን ሰምተው፣ እሱን ሽሽት ወንዙን ከመረጡ ግን ሰርቀሃቸዋል። የሰበሰቡትን መረጃ ዋጋ አሳጣኸው። ሁለተኛ ለምን ይጠይቁ?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ያዘጋጀኸው ትዕይንት ነው። በምትኩ ሰው አዘጋጅ። ሽፍታው ምን ይፈልጋል? ካላገኛቸው ማንን ይዘርፋል? በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ላይ የተቃጠለ ጋሪ ያያሉ። ያኔ ምርጫቸው ከምን እንዳዳናቸው፣ ማንን እንዳስጎዳ ራሳቸው ይደርሱበታል። ሌላው ቀላል ዘዴ፦ ከመለያየታችሁ በፊት "ቀጥሎ ወዴት ነው?" ብለህ ጠይቅ። የምታዘጋጀው እሱን ብቻ ይሆናል።

ምልክት፦ ሰፊ ካርታ ሰጠሃቸው፤ ፈዘው ቀሩ

ምርጫው በዛ። ገበያ ላይ ሦስት ወሬ አሰማቸው፤ አንዱ የሚያልፍበት ቀን ይኑረው። "ድልድዩ ክረምቱ ሳይገባ ይፈርሳል" ዓይነት። በቃ።

ምልክት፦ ሁልጊዜ የሚወስነው አንዱ ነው

ጥያቄህን ለጠረጴዛው አትወርውር። ዝም ያለችውን በገጸ ባሕሪዋ ስም ጠርተህ መጀመሪያ እሷን ጠይቅ። ካልሠራ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ልጁን ለብቻ አናግረው። ጭራቅ ላክበትና አደብ ይግዛ የሚል ምክር ሰምቼ ሞክሬ ነበር። ጭራቁን ገደለውና ከበፊቱ ብሶ ቁጭ አለ።