ዕቃ ሳያልቅ መቼ ማዘዝ ይገባል?

መጋዘን ስረከብ መጀመሪያ የማነሳው ቢን ካርዱን፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበትን ካርድ ነው። የቀን ወጪውን ከእሱ ያውጡ፤ 20 ካርቶን ነው እንበል። ቀጥሎ ከትእዛዙ ዕለት አንስቶ ዕቃው መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይቁጠሩ። እዚህ ላይ የአቅራቢውን ቃል ሳይሆን የቀድሞ የዕቃ ገቢ ደረሰኞችን ይመኑ። እኔ «በ7 ቀን ይደርሳል» መባሉን አምኜ፣ ዕቃው በ10ኛው ቀን ሲገባ መደርደሪያዬ 3 ቀን ባዶውን ከርሟል።

20 በ10 ሲባዛ 200 ነው። ለመዘግየት የ3 ቀን መጠባበቂያ፣ 60 ካርቶን ይጨምሩ። ክምችቱ 260 ሲደርስ ይዘዙ። ታዝዞ መንገድ ላይ ያለውንም አብረው ይቁጠሩ፤ አለበለዚያ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ያዝዛሉ።

ቶሎ ለሚበላሽ ዕቃ መጠባበቂያውን ያሳንሱ፤ ሲያወጡም የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃውን ያስቀድሙ።