የእንቅልፍ ኪኒን በአንድ ሌሊት አይጣልም

የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን ለወራት ስትወስዱ ቆይታችሁ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብላችሁ ልትጥሉት ካሰባችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። ዲያዜፓም (ብዙዎቻችን ቫሊየም የምንለው)፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓም፣ አልፕራዞላም ሁሉም የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ያግዛሉ። አንጎል እገዛውን ሲለምድ የራሱን አቅም ያዳክማል። ድንገት ሲቀርበት ታዲያ እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት አለ፣ ሲብስም ሰውን ጥሎ ያንፈራግጣል። ይሄኛው ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ለሚኖር ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ደርሶ መመለስ ቀኑን እንደሚበላ አውቃለሁ። ግን በሠፈራችሁ ጤና ጣቢያ መጀመር ትችላላችሁ፤ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉላችኋል። የትኛውን ኪኒን፣ ስንት ሚሊግራም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስዱ ሳትደብቁ ንገሯቸው። ጫቱንም፣ መጠጡንም፣ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ካለ እሱንም። ምርቃና ለመስበር ኪኒን የሚውጥ ሰው ብዙ ነው፣ ጫቱ እንዳለ ሆኖ ኪኒኑን መቀነስ ደግሞ በጣም ይከብዳል። ኪኒኑን በአረቄ መተካት ጭራሽ አይታሰብ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከዚህ በፊት የሚጥል ሕመም ካጋጠማችሁ ያለ ቅርብ ክትትል አትነካኩት።

አሁን ወደ ቅነሳው። የተለመደው መነሻ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው። ማታ ማታ 10 ሚሊግራም ዲያዜፓም የሚወስድ ሰው ወደ 9 ይወርዳል እንበል፦ አንድ ባለ 5 እና ሁለት ባለ 2 ኪኒን። ባለ 5ን ለሁለት ገምሶ 7.5 መውሰድ ይቀላል፣ ግን በአንዴ ሩቡን መቀነስ ነው፤ ለብዙ ሰው ይበዛል። ሌላው ሰው የሚስተው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ከ10 ወደ 9 መውረድ 10 በመቶ ነው፣ ከ2 ወደ 1 መውረድ ግን 50 በመቶ። ቁጥሩ ያው አንድ ነው፣ ለአንጎል ግን ያው አይደለም። ለዚህ ነው መጨረሻው ላይ ሰው የሚሸነፈው። ስለዚህ ወደ ታች ስትወርዱ እርምጃውን አሳጥሩ፣ ጊዜውን አርዝሙ። ከከበዳችሁ ያላችሁበት መጠን ላይ ቆዩና ሐኪሙን አማክሩ። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 ይሄን ኪኒን ማስተው ላይ የሠሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተንም ፍጥነቱን ታካሚው ራሱ ይወስን ይሉ ነበር።

በራሳችሁ ግን ኪኒን አትቀያይሩ። 0.5 ሚሊግራም አልፕራዞላም ከ10 ሚሊግራም ዲያዜፓም ጋር ይቀራረባል፤ በግምት የሚደረግ ለውጥ አደጋ ነው። ኪኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረውም ማዘዣችሁን ይዛችሁ ፋርማሲ ውጡ። ዳር ሠፈር ነን፣ ሁሌ አይገኝም።

መጠኑን ሐኪም ያውቃል፤ ሌሊቱን ግን ከሐኪም ጋር አታድሩትም። እዚህ ላይ ነው ጓደኛ የሚያስፈልገው። በዚሁ መንገድ ያለፉ ወይም እያለፉ ያሉ ሦስት አራት ሰዎች ይበቃሉ፤ እሁድ ከሰዓት አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ቡና አፍልታችሁ (ለእናንተ ቀጠን ያለ ይሁን፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ይቅርባችሁ) ሳምንቱ እንዴት እንደነበር አውሩ። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። እዚያ የተወራ እዚያው ይቀራል። ማንም ለማንም ኪኒን አይሰጥም፣ የሌላውን መጠንም አያዝም። «እኔ በሁለት ወር ጨረስኩ» እያሉ መፎካከር የለም፤ ዓመት የሚፈጅበትም አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳ ተረኛ ይኑር፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው «አይዞሽ፣ እኔም ላይ ደርሶ አልፏል» የሚል ድምፅ ነው።

ጸበል የምትገቡም ግቡ። ግን «እምነት ካለሽ ኪኒኑን ተዪው» ብሎ ድንገት የሚያስጥላችሁን ሰው አትስሙ፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

አንዱ ወድቆ ከተንፈራገጠ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት እየጫራችሁ አታሽቱት። ለአምቡላንስ 907 ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣም እንደዚያው፤ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት።

የመጨረሻዋን ኪኒን ከተዋችሁ በኋላም የእሁዱን ቡና ለጥቂት ወራት አታቋርጡ፤ እንቅልፉ ቶሎ አይስተካከልም፣ ጭንቀቱም መጣ ሄድ ይላል። የተረፈውን ኪኒን ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ላላት ጎረቤት እንዳትሰጡ፣ ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ።